የሚባለውና የሆነው፦ የኤል ሳልቫዶር ማራዎች

ስለ ኤል ሳልቫዶር የወሮበላ ቡድኖች፣ በአገሩ አጠራር ስለ ማራዎቹ፣ ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ራሱን የተላጨ፣ ፊቱን በንቅሳት የሸፈነ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ወጣት ነው። ምስሉ ሐሰት አይደለም። ግን ኤም ኤስ 13 እና ባሪዮ 18 የተባሉት ቡድኖች ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት ትንሽ አገር ላይ ለዓመታት ያደረሱትን ሁሉ አይናገርም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሚሰማው «የሚገዳደሉት እርስ በርሳቸው ነው፤ ራሱን የጠበቀ ሰው ምንም አይሆንም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የሳን ሳልቫዶር ድሃ ሰፈሮች እንዴት ይኖሩ እንደነበር አያውቅም። የአንድ ኤም ኤስ ሰፈር ነዋሪ ጥቂት ሜትር ተሻግሮ ባሪዮ 18 ወደያዘው ሰፈር መግባት አይችልም ነበር። አክስቱን ለመጠየቅ፣ ጤና ጣቢያ ለመሄድ፣ ሥራ ለመፈለግ ቢሆንም ያው ነበር። በመታወቂያው ላይ የመኖሪያ አድራሻው ተጽፏልና መንገድ ላይ የሚያስቆሙት የቡድኑ ልጆች የሚመለከቱት ያንን ነበር። የቡድን አባል መሆን አለመሆኑ ከጥያቄ አይገባም ነበር፤ ከጠላት ሰፈር መምጣቱ ብቻ ይበቃ ነበር። በመኪና የሚገባ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ያሳይ ነበር። ግድግዳው ላይ «አይተህ፣ ሰምተህ፣ ዝም በል» የሚል ተጽፎ ይጠብቀው ነበር። ቁጥር 18 ያለበት ማሊያ በተሳሳተ ሰፈር መልበስ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ትምህርት ቤቱ ከቡድኖቹ ድንበር ማዶ የሆነበት ልጅ ትምህርቱን ያቋርጥ ነበር። ሴት ልጇ የቡድኑ አለቃ ዓይን ውስጥ የገባችባት እናት ደግሞ ልጇን ሌሊት አስነስታ ወደ ዘመድ ትልክ ነበር፤ ዘመድ ከሌላት ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ ድንበር። ከዚያች አገር የተሰደዱት ሁሉ ሥራ ፍለጋ ብቻ የሄዱ የሚመስለን ይህን ስለማናይ ነው።

የአውቶቡስ ሥራ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነበር። እያንዳንዱ መስመር ለሰፈሩ ቡድን «ሬንታ» የሚሉትን ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ሁለት ቡድኖች የያዙትን መንገድ የሚያቋርጥ ደግሞ ለሁለቱም። በሰኔ 2010 ሜሂካኖስ በተባለው ከተማ ወሮበሎች አንድ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው አቃጥለው 17 ሰዎች ሞቱ። በሐምሌ 2015 ማራዎቹ አውቶቡሶች እንዳይንቀሳቀሱ ሲያዙ ትእዛዙን የጣሱ ሾፌሮች ተገደሉ፤ የከተማው ሠራተኛም ለቀናት በእግሩና በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ሥራው ሄደ። ከእነዚያ ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች ውስጥ ከማራ ጋር የተጣላ ማን ነበር?

«በገንዘብ የሰከሩ ናቸው» የሚለውም ልክ አይደለም። ኒው ዮርክ ታይምስና ኤል ፋሮ የተባለው የአገሪቱ ጋዜጣ በ2016 የምርመራ ሰነዶችን ይዘው ሒሳቡን ሠርተውታል። የኤም ኤስ 13 ዓመታዊ ገቢ 31.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ይህ 40,000 ይሆናሉ ለተባሉት አባላት እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ በወር የሚደርሰው 65 ዶላር ገደማ ነው፤ የአንድ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ግማሽ መሆኑ ነው። ከተሰበሰበውም ለጠበቃና ለቀብር ይወጣ ነበር። ፑፑሳ የተባለውን የበቆሎ ቂጣ ጋግራ ከምትሸጥ ሴት፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ ከዳቦ አከፋፋይ የተቀማ ሳንቲም ነበርና ከዚህ በላይ ሊሆንም አይችልም ነበር። ድሃ ድሃን ነበር የሚያስገብረው።

ታዲያ እነማን ይገቡ ነበር? እንዴትስ ይወጡ ነበር? በ2017 ባወጡት ጥናት የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 1,200 የሚጠጉ አባላትን አነጋግረው ነበር፤ አብዛኞቹ የገቡት 15 ዓመት ገደማ ሳሉ ነው። የመውጫው በር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተገኘ። ከልቡ ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የገባን ሰው ቡድኑ ብዙ ጊዜ ይተወው ነበር፤ ሲያስመስል የተያዘ ግን መጨረሻው ሞት ነበር።

«ኤል ሳልቫዶር ወደ አሜሪካ የላከችው ወንጀል ነው» የሚለው ደግሞ ታሪኩን ገልብጦ ነው የሚያወራው። ሁለቱም ቡድኖች የተወለዱት ሎስ አንጀለስ ነው። ባሪዮ 18ን ቀደም ብለው የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች መሠረቱት። ኤም ኤስን ደግሞ በ1980ዎቹ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የሸሹ የሳልቫዶር ቤተሰቦች ልጆች። ያ ጦርነት ከ1980 እስከ 1992 ከ75,000 በላይ ሰው ፈጅቷል። ሰላም ሲፈረም፣ ይልቁንም አሜሪካ በ1996 የስደተኛ ሕጓን ካጠበቀች በኋላ፣ ወንጀል የተመዘገበባቸው ወጣቶች በገፍ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው የወጡ፣ አገሩን የማያውቁ ነበሩ። የጠበቃቸውም መሣሪያ የሞላበት፣ ሥራ የሌለበት፣ ፖሊሱ ገና እንደ አዲስ የተቋቋመ አገር ነው። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ለተባራሪዎቹ መስጠትም ስህተት ነው፤ በኋላ ማራን የሞሉት አሜሪካን ረግጠው የማያውቁ የሰፈር ልጆች ናቸው።

አሁን በየአገሩ የሚወደደው አባባል «መድኃኒቱ ጠንካራ እጅ ብቻ ነው» የሚል ነው። ኤል ሳልቫዶር ይህን በ2003 በፕሬዚዳንት ፍራንሲስኮ ፍሎሬስ፣ በ2004 ደግሞ በአንቶኒዮ ሳካ ዘመን ሞክራዋለች። በሺዎች ታፈሱ፤ አብዛኞቹን ዳኞች በማስረጃ እጦት ለቀቁ። የቀሩት በየቡድናቸው ተለይተው ታሰሩና እስር ቤቱ የአለቆቹ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ የሬንታ ትእዛዝ በስልክ ከዚያ ይወጣ ጀመር። በ2012 በቡድኖቹ መካከል በተደረገ እርቅ ስም አለቆቹ ወደ ላላ ጥበቃ ሲዛወሩ ግድያው በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ እርቁ ሲፈርስ ግን በ2015 ብቻ ከ6,600 በላይ ሰው ተገደለ።

ከዚያ ናዪብ ቡኬሌ ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግድያ የቀነሰው በእሱ ብርታት ብቻ አይደለም። ኤል ፋሮ ከአለቆቹ ጋር የተደረገውን ድብቅ ድርድር አጋልጧል፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤትም በታኅሣሥ 2021 በዚሁ ምክንያት በባለሥልጣናቱ ላይ ማዕቀብ ጥሏል። በመጋቢት 2022 ማራዎቹ በሦስት ቀን 87 ሰው ሲገድሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየወሩም ሲራዘም ቆይቷል። ከ80,000 በላይ ሰው ታሰረ። ውጤቱን መካድ ለእነዚያ ሰፈሮች ነዋሪዎች ግፍ ነው። በ2015 ከ100,000 ሰው ከ100 በላይ የነበረው ግድያ በ2024 ወደ 2 ገደማ ወርዷል፤ ሰዎች በሰፈሮች መካከል የነበረውን ድንበር ተሻግረው ዘመዶቻቸውን ይጠይቃሉ፣ ሻጮች ገቢያቸውን ለራሳቸው ይይዛሉ።

ግን ከታሰሩት ወደ 8,000 የሚሆኑት ንጹሐን ሆነው መለቀቃቸውን ቡኬሌ ራሱ አምኗል፤ ስንቶች ንጹሐን ዛሬም እንደታሰሩ አይታወቅም። የመብት ድርጅቶች ከ300 በላይ ሰዎች በእስር ላይ መሞታቸውን መዝግበዋል። በሐምሌ 2023 የወጣው ሕግ እስከ 900 ተከሳሾችን በአንድ መዝገብ ለመዳኘት ይፈቅዳል። ትናንት ለማራ ሬንታ ይከፍሉ ከነበሩት እናቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ምግብና ሳሙና ገዝተው በእስር ቤት በር ይሰለፋሉ፤ ልጃቸው ሲያዝ ፖሊስ ያየው የኖረበትን ሰፈር ወይም ክንዱ ላይ ያለውን ንቅሳት ብቻ ነበር።