የአንጎል ማሠልጠኛ ጨዋታዎች የማስታወስ ችሎታን ያዳብራሉን?

በቀን ለጥቂት ደቂቃ በመጫወት የማስታወስና የትኩረት ችሎታን ማሳደግ እንደሚቻል የሚነገርላቸው የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። ለመሆኑ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ጊዜውን ቢሰጣቸው ያተርፍ ይሆን?

በቅድሚያ አንድ የታወቀ ሙከራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1980 ኤሪክሰን፣ ቼዝና ፋሉን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በአንድ ተማሪ ላይ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። ተማሪው የሚነበቡለትን አኃዞች ሰምቶ በቅደም ተከተላቸው እንዲደግም ተደረገ። በመጀመሪያ መያዝ የቻለው 7 አኃዝ ያህል ነበር፤ ከ20 ወራት ገደማ ልምምድ በኋላ 79 ደረሰ። ይሁንና በአኃዞቹ ምትክ ፊደላት ሲነበቡለት ከ6 ገደማ አላለፈም። ምክንያቱም ተማሪው ሯጭ በመሆኑ አኃዞቹን እንደ ሩጫ ሰዓት እየቧደነ ይይዝ ነበር። ያደገው ስልቱ እንጂ ጠቅላላው የማስታወስ አቅሙ አልነበረም።

ይህንኑ የሚመስል ውጤት በብዙዎች ላይም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት በወጣውና 11,430 ሰዎች በተሳተፉበት የ6 ሳምንት ጥናት፣ ሠልጣኞቹ በተለማመዱት ጨዋታ ተሻሻሉ፤ ወዳልተለማመዱት ተግባር የተሸጋገረ ጥቅም ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሉሞሲቲ ጨዋታዎች አቅራቢ፣ ማስታወቂያው በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት በመከሰሱ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እንግዲህ ጨዋታውን ለመዝናኛ ብንጫወተው አይከፋም። ፊዚክስን ለማስታወስ የሚበጀን ግን ራሱን ፊዚክስን ማጥናት፣ መጽሐፉንም ከድነን የተማርነውን ከአእምሯችን አውጥተን መጻፍ ነው።