ቀይ የደም ሴል ደጃፍ ላይ

ስንደነግጥ ልባችን የሚፈጥነው አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን የልብ ሴሎች ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ይመስላል። ሥራውን የሚሠራው ግን ደጅ ላይ ቆሞ ነው። የሴል ሽፋን ሁለት ረድፍ ቅባት ነው፤ ውኃ የሚወደው ጫፉ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ውኃ የሚሸሸው ጅራቱ መሀል ላይ ይገናኛል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ እንደ አድሬናሊን በውኃ የሚሟሟ ነገር በቀላሉ አያልፈውም።

መልእክቱን የሚያሻግሩት ቅባቱ ውስጥ የተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች፣ ማለትም ሪሴፕተሮች ናቸው። የአድሬናሊን ተቀባይ ሽፋኑን ወዲያና ወዲህ ሰባት ጊዜ የሚያቋርጥ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሆርሞኑ በውጭ በኩል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ሲያርፍ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ በውስጥ በኩል ያለው ክፍሉም ጂ ፕሮቲን የተባለውን ባልደረባውን ይቀሰቅሳል። ከዚያ ሆርሞኑ ተላቆ ይሄዳል። ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ ይህን የፕሮቲን ቤተሰብ አጥንተው በ2012 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

ለእኛ ቀረብ ያለው ግን ከዚሁ ዘር የሆነው ዳፊ የተባለው ተቀባይ ነው። ቀይ የደም ሴል ላይ ሆኖ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቁስለት የሚጠሩ ኬሚካሎችን ይለቅማል፤ ወደ ውስጥ ግን እንደ ዘመዶቹ መልእክት አይልክም። ሥራ የፈታ ይመስላል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ግን ወደ ሴሉ ለመግባት የሚጨብጠው እሱኑ ነው። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምክንያቱ ታወቀ፤ በዘረ መሉ ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። የተቀየረችው ፕሮቲኑ የሚሠራበት መመሪያ ላይ ሳይሆን ቀይ የደም ሴል ውስጥ መመሪያውን የሚያስጀምረው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሰዎች የደም ሥር ግድግዳ ላይ ዳፊ እንደ ወትሮው አለ፤ የጠፋው ወባው ከሚፈልገው ቦታ ብቻ ነው!

በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ዳፊ ስለሌለው ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ይኖራል፤ ቫይቫክስም ፋልሲፓረም ከተባለው ሌላ የወባ ተውሳክ ጎን ለጎን ብዙ ሰው ያጠቃል። ይባስ ብሎ ማዳጋስካር ውስጥም እኛም ዘንድ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኝቷል። በየትኛው በር እንደገባ ተመራማሪዎች ገና እየተከራከሩ ነው።

ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ሌላም ምልክት አላቸው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው በደም ምርመራ ሲቆጠሩ አነስ ይላሉ፤ ኢንፌክሽንን ለመዋጋት ግን አያንሱም። እስራኤል ውስጥ ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ይህ ሁኔታ የታወቀ ነው። ችግሩ የቤተ ሙከራው መለኪያ የወጣው በአብዛኛው ዳፊ ካላቸው ሰዎች ደም መሆኑ ነው፤ ጤነኛው ሰው በወረቀት ላይ ታማሚ ይመስላል። እንዲህ ያለ ውጤት የደረሰው፣ ሌላ ሕመም የማይሰማው ሰው ወደ አጥንት መቅኔ ምርመራ ከመሄዱ በፊት የዳፊ የደም ዓይነቱ እንዲታይለት ሐኪሙን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።