በስተእርጅና ጉዞ፦ የተጓዝነውን መንገር፣ የተመኘነውን መጓዝ

በዛሬው ንግግራችን የምናነሳው ርዕስ ጉዞ ነው። መነሻችን በናታንያ ከተማ የሚገኘው የሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ሲሆን፣ መድረሻችን ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም አልፎ ጎንደር ነው። ስለ ሁለት ነገሮች እንነጋገራለን። አንደኛው፣ ወላጆቻችን የተጓዙትን ከባድ ጉዞ ለልጅ ልጆቻቸው ስለ መንገር ነው። ሁለተኛው፣ በሥራ ዘመናቸው ሲመኙት የኖሩትን ጉዞ በጡረታቸው ጊዜ እንዴት ሊጓዙት እንደሚችሉ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ መሆናቸውን ወደ መጨረሻው ታያላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳፒር የምንነሳበት ምክንያት

ሳፒር የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጋራዥ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር ከነበሩት ከፒንሐስ ሳፒር ነው። ናታንያ በእስራኤል ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እንዲህ ባሉ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች በማሸጊያ፣ በጽዳት፣ በጥበቃና በመጋዘን ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። አብሮ የሚሠራው ሰው ስማቸውን ያውቃል፤ ሥራ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት ያውቃል። ከአርማጭሆ ተነሥተው ሱዳን ድረስ በእግራቸው መሄዳቸውን ግን ላያውቅ ይችላል። ለዕረፍት የምትሰጠው ጊዜ ለሻይና ለቁራሽ እንጀራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ታሪክ አትበቃም። ማታ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ድካሙ አለ፤ ልጆቹም በዕብራይስጥ ያወራሉ። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ዓመት ያልፋል።

ወንዶች በ67 ዓመታቸው የእርጅና ጡረታ ሲደርስላቸው፣ ሴቶችም በሕግ የተወሰነው ዕድሜ ሲሞላላቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ ጊዜ ይገኛል። ለመንገርም ሆነ ለመጓዝ ምቹ የሚሆነው ይህ ጊዜ ነው። ሆኖም ጉልበትና ትዝታ ዘለዓለም አይቆዩምና ነገሩን ማዘግየት አያስፈልግም።

ከእኛ በፊት የተጓዙ

ወደ ኢየሩሳሌም በእግር የመሄድ ሐሳብ በሱዳን መንገድ የተጀመረ አይደለም። በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ የቤተ እስራኤል ወገኖችን አስከትለው ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ጉዞ ጀምረው ነበር። ከትግራይ ሳያልፉ ረሃብና በሽታ ብዙዎችን ጨረሳቸው፤ ጉዞውም ሳይሳካ ቀረ። ያ ጉዞ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ እስከ ዛሬ የሚታወሰው በመነገሩና በመጻፉ ነው።

በእኛ ዘመን ከታወቁት መንገደኞች አንዱ ፈረደ አክሉም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ሱዳን ገባ። ከዚያ ሆኖ ባስተላለፈው መልእክት የእስራኤል መልእክተኞች አገኙት፤ የሱዳን መንገድም ተከፈተ። ከዚያም ከ1984 ኅዳር ወር ማብቂያ እስከ 1985 ጥር መጀመሪያ ድረስ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከሰባት እስከ ስምንት ሺህ የሚገመቱ ወገኖች መጡ። በመንገድ ላይና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች የሞቱት ደግሞ አራት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ፈረደ አክሉም ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያን ሊጎበኝ ሄዶ በ2009 በዚያው አረፈ፤ አስከሬኑም መጥቶ በቤር ሸባ ተቀበረ።

ሌላው ባሮክ ተገኘ ነው። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በሱዳን በኩል አፍሪካን አቋርጦ እስከ ናይጄሪያ ከሄደ በኋላ፣ በመርከብ ሠርቶ እስራኤል ደርሷል። የዚህን ሁሉ ጉዞ ታሪክ በዕድሜው መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሞ በ2010 አረፈ። መጽሐፍ መጻፍ ለሁላችንም አይሆንልን ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሰውየው ሳይዘገይ መናገሩ ነው።

በ1991 ግንቦት በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች መጥተዋል። ከዚያም ወዲህ፣ እስከ 2020ውና ከዚያ በኋላ እስከተደረገው የጹር እስራኤል ዘመቻ ድረስ፣ ሌሎች ብዙዎች መጥተዋል። በቅርቡ የገባችሁ ቤተሰቦች፣ «እኛ በአውሮፕላን የመጣን ምን የምንናገረው ጉዞ አለን?» ብትሉ አይገርምም። በእርግጥ በረራው አራት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በፊት ግን ከቀያችሁ ወጥታችሁ ጎንደር ከተማ ወይም አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ተቀምጣችሁ የጠበቃችሁበት ዘመን አለ። አንዳንዱ አሥር፣ አንዳንዱ ሃያ ዓመት ጠብቋል። ያም የጉዞው ክፍል ስለሆነ ለልጆቻችሁ ሊነገር ይገባዋል።

ልጁ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ ሲመጣ

በእስራኤል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ወደ ባር ሚጽቫና ባት ሚጽቫ ዕድሜ ሲደርሱ፣ በስድስተኛ ወይም በሰባተኛ ክፍል፣ «ዓቮዳት ሾራሺም» የሚባል ሥራ ይሰጣቸዋል። ትርጉሙ «የሥር መሠረት ሥራ» ማለት ነው። ልጁ ወላጆቹንና አያቶቹን ጠይቆ የቤተሰቡን ታሪክ ይጽፋል፤ የዘር ሐረግ ይሥላል፤ ፎቶግራፍና የቆየ ዕቃ ያሳያል። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ነገሩን ባለማወቁ ወረቀቱን እንደ ተራ የቤት ሥራ ያየዋል፤ ወይም መንግሥት የሚጠይቀው ነገር መስሎት ይጠነቀቃል። እንደዚያ አይደለም። ልጃችሁ የቤተሰቡን ታሪክ በክፍል ጓደኞቹ ፊት የሚያቀርብበት ዕድል ነው። አያት ከሌሉ ወይም ሩቅ ከሆኑ የአባት ወንድም፣ የእናት እኅት ወይም የመንደር ሰው ሊጠየቅ ይችላል።

ለዚህ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች እንስጥ።

በመጀመሪያ፣ «ታሪክህን ንገረኝ» የሚለው ጥያቄ ለሽማግሌ ሰው በጣም ሰፊ ነው፤ ከየት እንደሚጀምሩ ስለሚቸገሩ «ምን አለውና ልጄ» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ልጁ ትናንሽ ጥያቄዎችን ይጠይቅ። ከቤት ስትወጡ ስንቅ ምን ያዛችሁ? ውሃ በምን ተሸከማችሁ? መንገድ የመራችሁ ማን ነበር? ቀን የት ተደበቃችሁ? ከብቶቹን ለማን ተዋችሁ? አንድ ጥያቄ ሌላውን ትዝታ ይጠራል።

ሁለተኛ፣ ከሐዘኑ አትጀምሩ። በኡም ራኩባ መጠለያ ልጃቸውን ወይም እናታቸውን የቀበሩ ሰዎች አሉ፤ አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ብለውም እንደ ወጉ ሳያለቅሱ የቀበሩ አሉ። ያንን የሚናገሩት ሲፈልጉ ነው። ዝም ካሉ ዝምታቸው ይከበር፤ ቡና ይፈላ፤ ነገ ይቀጥላል። ትዝታው እንቅልፍ የሚነሳቸው ከሆነ ለኩፓት ሆሊም ሐኪማቸው ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛ መንገር ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚናገሩት በሚቀላቸው ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ። ቋንቋውን የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ይተርጉም፤ ሲተረጉምም አያሳጥር። ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት ዛሬ ቀላል ሆኗል። የሰዎቹን ስም፣ የመንደሩንና የወንዙን ስም፣ የተነሡበትን ወር ግን በወረቀትም ጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደተባለው ነው።

ከሳፒር ወደ ሄርጽል ተራራ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንሻገር። ብዙ ሽማግሌዎች የሚመኙት ጉዞ ምን እንደሆነ ቢጠየቁ ሩቅ አገር አይጠሩም። በጥብርያ ፍል ውሃ መታጠብ፣ በሄርሞን ተራራ በረዶ ማየት፣ የራሔልን መቃብር መሳለም፣ በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም መገኘት ይላሉ። ስግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29 ይከበራል፤ ከ2008 ጀምሮም በሕግ የታወቀ የአገሪቱ በዓል ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሁላችንም ልንሄደው የሚገባ አንድ ጉዞ አለ። በሱዳን መንገድ የሞቱት ወገኖች መቃብር ዘመድ ደርሶ የሚያለቅስበት ስፍራ አይደለም። በእነርሱ ምትክ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በ2007 መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ይፋዊው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28 ይደረጋል። በዚያ ቀን ግን ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ፣ አቅም ላነሰው ሽማግሌ በሌላ ተራ ቀን መሄድ ይሻላል።

ዛሬ ከናታንያ ወደዚያ በባቡር ብቻ መድረስ ይቻላል። ከሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና አጠገብ «ናታንያ ሳፒር» የተባለ የባቡር ጣቢያ በ2016 ተከፍቷል። ከዚያ ወደ ደቡብ በሚሄደው ባቡር ተሳፍራችሁ ወደ ኢየሩሳሌም በሚሄደው ትቀይራላችሁ፤ የት እንደምትቀይሩ በጣቢያው ጠይቁ። ኢየሩሳሌም የምትወርዱት በ2018 በተከፈተው የይጽሐቅ ናቮን ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከመሬት በታች 80 ሜትር ያህል ስለሚጠልቅ፣ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ የሚያስፈራቸው ወላጆች በአሳንሰር ይውጡ። ከጣቢያው በላይ የከተማው ቀላል ባቡር አለ፤ በቀዩ መስመር ወደ ሄርጽል ተራራ በሚሄደው ተሳፈሩ። ከዚያ ያለው የእግር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስላለው ምርኩዝና ውሃ ያዙ። በሰንበት ባቡር የለም፤ ዓርብም ቀደም ብሎ ይቆማል።

ክፍያው በራቭ ካቭ ካርድ ነው። ለአረጋውያን ቅናሽ አለ፤ በ2022ም 75 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሕዝብ መጓጓዣ በነፃ እንዲሄዱ ተፈቅዶ ነበር። ሕጉ በየጊዜው ስለሚሻሻል በራቭ ካቭ መሥሪያ ቤት ዕድሜያችሁን አስመዝግባችሁ መብታችሁን ጠይቁ።

ኢትዮጵያን ለማየት የሚመኙ

የተወለዱበትን ቀዬ፣ አምቦበርን ወይም ወለቃን፣ አንድ ጊዜ ለልጅ ልጆቻቸው አሳይተው ለመመለስ የሚመኙ አሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። በ2023 ነሐሴ በአማራ ክልል ውጊያ በተነሣ ጊዜ ከ200 በላይ እስራኤላውያንና ወደ እስራኤል ለመምጣት የተፈቀደላቸው ሰዎች ከጎንደርና ከባሕር ዳር በልዩ ዝግጅት እንዲወጡ ተደርጓል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የእስራኤል መንግሥት የሚያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ መመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው። አካባቢው ካልተረጋጋ ጉዞው ይቆይ።

ጊዜው ሲፈቅድም አራት ነገሮችን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የእስራኤል ዜጋ ከአገር የሚወጣውና የሚገባው በእስራኤል ሰነድ ነው፤ ስለ ፓስፖርት ወይም ስለ መጓጓዣ ሰነድ የአገር ውስጥ ሚኒስቴርን፣ ስለ ቪዛ ደግሞ የኢትዮጵያን ኤምባሲ ጠይቁ። ከቢቱሕ ሌኡሚ የገቢ ማሟያ የሚቀበል ሰው ከአገር ሲወጣ ክፍያው ሊቋረጥበት ስለሚችል ሳይሄድ ይጠይቅ። ሐኪም ያማክር፤ ናታንያ ከባሕር ዳርቻ ያለች ስትሆን ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛን ልታስቸግር ትችላለች፤ የቢጫ ወባ ክትባትም ለአረጋዊ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ይገዛ፤ ያለበትንም ሕመም ሁሉ ሳይደብቅ ይናገር። መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ስንጀምር ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ ናቸው ብለን ነበር። ምክንያቱም ይህ ነው። አያቱ ስለ መንገዱ የነገሩት ልጅ በሄርጽል ተራራ ሲቆም የማን መታሰቢያ እንደሆነ ያውቃል፤ ያልተነገረው ግን ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ልጆቹን ሰብስባችሁ ንገሯቸው። ከዚያም አብራችኋቸው ተሳፈሩ፤ በባቡር ውስጥም የረሱትን ይጠይቋችሁ። ሽማግሌውን ብቻቸውን አትላኩ፤ ልጆቹንም ያለ ሽማግሌ አትላኩ።

ቸር ያሰንብተን፤ መልካም ጉዞ!