የአያት ጠመንጃ ምን ይመሰክራል?

በአንዳንድ ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አሮጌ ጠመንጃ ይገኛል። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ በጽሑፍ የሰፈረ አይደለም፤ የሚነገረው በቃል ነው። ቃል ደግሞ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ይጨመርበታል፤ ይቀነስለታልም። ታዲያ የእንዲህ ያለውን ዕቃ ሠሪና ዕድሜ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከየት ይጀምራል?

በሀዋሳ ከተማ በሚኖር በአንድ ተማሪ ቤት ሰናድር የሚባል ጠመንጃ አለ እንበል። ቤተሰቡም «የአያትህ አያት ዓድዋ ላይ ከጣልያን የማረኩት ነው» ይለዋል። ሀዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ ጠመንጃው በዕድሜ ከከተማይቱ ይበልጣል፤ ከሌላ ስፍራ የመጣ መሆኑም ግልጽ ነው። የቀረውን ለመረዳት ተማሪው አራት ምስክሮችን በየተራ መጠየቅ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ምስክር ስሙ ነው። ውጅግራ የሚለው ቃል «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ እንደመጣ ሁሉ፣ ሰናድርም ስናይደር የተባለው አሜሪካዊ ፈልሳፊ ስም በአማርኛ አፍ ተገርቶ የወጣ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የሚነግረን የፈልሳፊውን ማንነት እንጂ የሠሪውን አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር አሠራሩ ነው። የእንግሊዝ ጦር ቀደም ሲል ይይዘው የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ባሩዱና አረሩ የሚገባው በአፈሙዙ በኩል ነበር። ስናይደር የኋላውን ክፍል አስቆርጦ ወደ ቀኝ የሚከፈት መዝጊያ እንዲገጠምለት አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ጥይቱ ከኋላ ይገባ ጀመር። እንግሊዞች ይህንን ስልት የተቀበሉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ነው። ስለዚህ ይህ መዝጊያ ያለው የጦር ጠመንጃ ከዚያ ዓመት በፊት በዚህ መልክ ሊኖር አይችልም።

ሦስተኛው ምስክር ማኅተሙ ነው። በመዶሻው ሥር፣ በስተቀኝ በኩል በተገጠመው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ዘውድ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ምሕፃረ ስም፣ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት ተቀርጸው ይታያሉ። «ኤንፊልድ» የሚል ከሆነ ብረቱ የተሠራው ከለንደን በስተሰሜን በነበረው የመንግሥት ፋብሪካ ነው። «ታወር» የሚል ከሆነ ደግሞ በኮንትራት ከሠሩ የግል ባለሙያዎች እጅ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ያደባሉ። በብረቱ ላይ 1861 የሚል ቁጥር ተጽፏል እንበል። ተማሪው ቁጥሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካነበበው፣ ጠመንጃው ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉ በዓመቱ የተሠራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቁጥሩ የአውሮፓ በመሆኑ በእኛ 1853 ወይም 1854 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ስሕተት የብረቱን ዕድሜ የመላው ጠመንጃ ዕድሜ አድርጎ መውሰድ ነው። ቁጥሩ 1861 ሆኖ መዝጊያው የስናይደር ከሆነ፣ ጠመንጃው መጀመሪያ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ሆኖ ተሠርቶ፣ ቢያንስ ከአምስት ዓመት በኋላ ተለውጧል ማለት ነው። አንዱ ዕቃ ሁለት ልደት አለው።

አራተኛው ምስክር የሽማግሌዎች ቃል ነው። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በብዛት ታጥቆት የነበረው ቬተርሊ የተባለ ጠመንጃ ነበር፤ ሰናድር ግን የእንግሊዝ ነው። ስለዚህ «ከጣልያን የተማረከ» የሚለው ቃል ይላላል። ነገር ግን የቤተሰቡ ታሪክ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ዘማቾች ልዩ ልዩ ዓይነት ጠመንጃ ይዘው ዓድዋ ወርደዋልና፣ «ይዘውት ዘመቱ» የተባለው በጊዜ ብዛት «ማረኩት» ወደሚል ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን የዘማቹን ክብር አይቀንሰውም። ስለሆነም ተማሪው አያቱን «ተሳስተዋል» ብሎ ከመሞገት ይልቅ፣ «ይህን ታሪክ ከማን ሰሙት? ጠመንጃው እዚህ ከመምጣቱ በፊት የት ነበር?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃቸው። ይህንን ብረቱ አይመልስም፤ ሊመልሱት የሚችሉት በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ምርመራው ጥንቃቄ ይሻል። ጠመንጃውን መክፈትና ጥይት አለመጉረሱን ማረጋገጥ የሚገባው የሚያውቅ አዋቂ ሰው ነው። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አሮጌ ብረት በዛሬ ጥይት ቢተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል። ማኅተሙን በሞረድ ወይም በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግም ምስክሩን አንደበት ማሳጣት ነው። ከዚህም በላይ መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ስም ፈልሳፊውን፣ አሠራር ዘመኑን፣ ማኅተም ሠሪውን፣ የሽማግሌ ቃል ባለቤቱን ይናገራሉ። እያንዳንዱ ምስክር የሚያውቀውን ብቻ ይመሰክራል፤ እውነቱ የሚገኘው ሁሉም ጎን ለጎን ሲሰሙ ነው።

መልመጃ
1. በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱትን ሁለት ስሕተቶች በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. በቤታችሁ ያለ አንድ የቆየ ዕቃ መርጣችሁ፣ ዕቃው ራሱ የሚመሰክረውንና ቤተሰባችሁ የሚናገረውን በሁለት አንቀጽ ለይታችሁ ጻፉ።