«ሰው ገጭቼ ይሆን?» ሳይጠሩት ስለሚመጣ ሐሳብ

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ትንሽ ፈቀቅ ብለን ወደ ራሳችን ጓዳ እንገባለን። ጉዳዩን ያስነሣን በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ አንድ ወንድማችን ነው። ስሙን አንጠቅስም፤ የሚያውቁት ሰዎች እንዳይለዩትም ጥቂት ነገር ለውጠናል። እንድንጽፈው የፈቀደልን እሱ ራሱ ነው።

ይህ ወንድማችን አንድ ምሽት ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባና መኪናው ነጠረ። በዚያች ቅጽበት «ሰው ገጭቼ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት። ዞሮ ተመለሰ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ትንሽ እንደነዳ ደግሞ «በደንብ አላየህም፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ?» አለው። እንደገና ዞረ። ከዚያች ማታ ወዲህ የአሥር ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። ቤቱ ገብቶ ገጭቶ ያመለጠ ሹፌር ይፈለግ እንደሆነ የአካባቢውን ዜና ያገላብጣል፤ ሌሊት ተነሥቶ የመኪናውን ፊት በባትሪ ይመረምራል። አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ላልሠራው ወንጀል እጁን ሊሰጥ ተነሥቶ ነበር። ባለቤቱ «ምን ሆንክብኝ?» ስትለው «ደክሞኝ ነው» ይላታል። በመጨረሻ መንዳቱን ሊተው ወሰነ። የቤት ኪራዩም፣ ለእናቱ በየወሩ የሚልከውም ከዚያችው ታክሲ ነበር የሚወጣው።

ሰውዬው አላበደም። ሰይጣንም አልሰፈረበትም። ሐኪሞቹ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦ.ሲ.ዲ. የሚሉት ሕመም ነው። ሳይጠሩት የሚመጣና አልወጣም የሚል ሐሳብ አለ፤ ያንን ሐሳብ ለማባረር ደግሞ ሰውየው ደጋግሞ የሚፈጽመው ድርጊት አለ።

ሐሳቡ ብቻውን በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በስድስት አህጉራት፣ በ13 አገሮች የሚገኙ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ባለፉት ሦስት ወራት አንድም እንዲህ ያለ ያልተፈለገ ሐሳብ አልመጣብኝም ያሉት ከመቶ ስድስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ሕፃኗን ታቅፋ ሽንኩርት የምትከትፍ እናት ቢላዋውን አይታ የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣባታል። በቅዳሴ መካከል የቆመ ምእመን ለአፍ የሚቀፍ ስድብ በአእምሮው ሽው ይልበታል። ብዙ ሰው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈዋል። አንዳንዱ ግን «እንዲህ ያለ ነገር ካሰብኩ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብሎ ይያዛል። የሚያዘውም ብዙ ጊዜ እጅግ በሚወደውና በሚጠነቀቅለት ነገር ነው። ለሰው ነፍስ ግድ የሌለው ሹፌር ዞሮ አያይም።

ታዲያ ለምን አይረሳውም? እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ያህል ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ አዘዛቸው። ደወሉ እየደጋገመ ጮኸ። ኋላ ላይ እንደ ልባችሁ አስቡ ሲባሉማ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይልቅ ስለ ድቡ አብዝተው አሰቡ። አንባቢ ሆይ፣ እዚያው ተቀምጠህ ልትሞክረው ትችላለህ። የወንድማችንም ዞሮ ማየት ለአምስት ደቂቃ ያሳርፈዋል፤ አእምሮው ግን «አደጋ ስላለ ነው የዞርነው» ብሎ ይማራል፣ በሚቀጥለው ጉድጓድ የበለጠ ይጮኻል።

ይህ ሕመም ለረጅም ዘመን መድኃኒት የለውም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ላይ በሁለት ሕሙማን የሞከረውን አሳተመ፦ የሚፈሩትን እንዲጋፈጡ፣ ከዚያም የለመዱትን ማስተሰረያ እንዳይፈጽሙ ማድረግ። ዛሬ ኤክስፖዠር ኤንድ ሪስፖንስ ፕሪቬንሽን የሚባለው ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፣ ውጤታቸው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሁሉንም ሰው ፈጽሞ ይፈውሳል አንልም፤ ብዙዎችን ግን ወደ ሥራቸውና ወደ ቤታቸው መልሷል።

ወንድማችን ቴራፒስቷ ያዘዘችውን ሲሰማ «እኔን ለመግደል ነው እንዴ?» ብሎ ነበር። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ እንዲነዳ፣ እንዳይዞር፣ ዜናም እንዳይፈትሽ። «አልገጨሁም» ብሎ ራሱን ማጽናናት እንኳ ተከለከለ፤ «ገጭቼ ይሆናል፣ አልገጨሁም ይሆናል» ብሎ ሳያረጋግጥ እንዲሄድ ነው የተነገረው። የመጀመሪያው ቀን ሸሚዙ በላብ ራሰ። በሦስተኛው ሳምንት ፍርሃቱ መጥቶ ራሱ ሲወርድ አየ። ለባለቤቱም የቤት ሥራ ተሰጣት፦ «ገጭቼ ይሆን?» ሲላት «አይዞህ፣ ማንንም አልገጨህም» እንዳትለው። እኛ ሐበሾች ከ«አይዞህ» የተሻለ መድኃኒት አናውቅምና ይህ ከሁሉ የከበደው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

ጸሎትና ጸበልን የምንነቅፍ አይደለንም። በሲና ገዳም የኖረው ዮሐንስ ክሊማኮስ ከ1,300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ የጻፈው ታሪክ አለ። አንድ መነኩሴ በስድብ ሐሳብ 20 ዓመት ተሠቃየ፤ ጾሙም ትጋቱም አልረዳው አለ። በመጨረሻ በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ አባት ሰጣቸው። አረጋዊው ፈገግ ብለው ኃጢአቱን በእኔ አንገት ላይ ጣለው፣ አንተ ብቻ ከእንግዲህ ችላ በለው አሉት፤ ዳነም። የንስሐ አባት ዘንድ በቀን ሦስት ጊዜ ስለ አንድ ሐሳብ መደወል ግን ከሹፌሩ መዞር አይለይም።

ወገኖቻችንን ከሕክምና የሚያርቀው ሌላም ነገር አለ። ጆሮ ጠቢ ሲፈራ ያደገ ትውልድ ነን፤ ነገርን ሆድ ይፍጀው ብሎ መያዝ ነፍሳችንን ያተረፈበት ጊዜ ነበር። አሁንም «አስተርጓሚው ነገ ቡና ቤት ያወራዋል» እንላለን። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ አስተርጓሚውም ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከሌላ ስቴት በስልክ የሚያስተረጉም ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። «ልጄን ይወስዱብኛል» ብላ የምትፈራ እናት ደግሞ ቴራፒስቱን አስቀድማ «ኦ.ሲ.ዲ. አክመህ ታውቃለህ?» ብላ ትጠይቅ። ምሥጢር የሚወጣው እውነተኛ አደጋ ሲኖር ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም የሚያስጨንቅን ሐሳብ ከክፉ ዕቅድ ይለያል።

በእስር ቤት የተገረፉ ወገኖቻችን ላይ የሚመላለሰው ትዝታ ግን ሌላ ነው። ያ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው፣ ሕክምናውም የተለየ ነውና ለባለሙያው በግልጽ ይነገረው። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ በአሜሪካ ከሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 988 ቀንና ሌሊት ይሠራል።

ወንድማችን ዛሬም ይነዳል። ሐሳቡ አልፎ አልፎ እንደሚመጣበት፣ እሱ ግን እንደማይዞር ነግሮናል። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ደውለንለት ነበር፤ ተሳፋሪ ስለያዘ በኋላ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው።