ከድንገተኛ የአኦርታ ቀዶ ሕክምና በኋላ በልብ ላይ የሚደርሱ ችግሮች

አኦርታ ከልብ ተነስቶ ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚያደርስ ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። የቧንቧው የውስጠኛ ግድግዳ በሚሰነጠቅበት ጊዜ ደም በግድግዳው ንጣፎች መካከል ገብቶ ይለያያቸዋል። ሕመሙ በአብዛኛው በድንገት በሚነሳ ብርቱ የደረት ወይም የጀርባ ውጋት የሚታወቅ ሲሆን፣ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ መካከል በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት በቀዳሚነት ይጠቀሳል።

ስንጥቁ ለልብ ቅርብ በሆነው የአኦርታ ክፍል ላይ ከደረሰ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የልብና የሳንባን ተግባር መሣሪያ ተክቶ የሚያከናውን ሲሆን፣ የተጎዳው ክፍል በሰው ሠራሽ ቧንቧ ይተካል።

ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምናው መሳካት ብቻውን የአደጋው ማብቂያ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት የሚያጋጥመው የልብ ምት መዛባት ነው፤ ይህም ካልታከመ ደም እንዲረጋና የአንጎል ጉዳት እንዲከተል ሊያደርግ ይችላል። በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ወይም ፈሳሽ ተጠራቅሞ ልብን ሲጫነው ደግሞ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል። ይህ ችግር ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ሊከሰት ይችላል። ስንጥቁ ለልብ ደም የሚያቀርቡትን ቧንቧዎች ነክቶ ከነበረም የልብ ጡንቻ ይዳከማል።

የማገገሙን አስቸጋሪነት ከሚያሳዩት መካከል የአሜሪካዊው የልብ ቀዶ ሐኪም የዶክተር ማይክል ደባኪ ታሪክ አንዱ ነው። በ1950ዎቹ ለዚሁ ሕመም የቀዶ ሕክምና ዘዴ በመቀየስ የሚታወቁት ሐኪሙ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 መጨረሻ ራሳቸው በዚሁ ሕመም ተያዙ። በየካቲት 2006 በ97 ዓመታቸው በሂዩስተን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ በመተንፈሻና በኩላሊት ማጣሪያ መሣሪያዎች እየታገዙ ወራትን በሆስፒታል አሳልፈዋል። አገግመው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሲሆን፣ ያረፉት በ2008 ነው።

በመሆኑም ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት ሰው የደም ግፊት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ፣ ከሲጋራ መራቅና በሐኪም ቀጠሮ መሠረት አኦርታውን በምርመራ ማስታየት ይኖርበታል። የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ መፋጠን፣ ራስን መሳት ወይም አዲስ የደረት ሕመም ሲሰማውም ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ አለበት።