ስለ ልጆች ማቆያ ሲመሰክሩ

«በጣም አሪፍ ቦታ ነው፤ ለሁሉም እመክራለሁ።» የሕፃናት ማቆያዎች በሚያወጧቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች ላይ እንዲህ ያለ ምስጋና አይጠፋም። የጻፈው ሰው በቅንነት ጽፎት ይሆናል። ግን ልጇን ለማን ትታ ሥራ እንደምትገባ የጨነቃት እናት ከዚህ ምን ታገኛለች?

ጭንቀቷ ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። አያት ወይም ዘመድ በአቅራቢያዋ ከሌለ የሦስት ወር ሕፃን ለማታውቀው ሰው ልትሰጥ ነው። ማቆያውን የከፈተችውም ሴት ብትሆን ለማስታወቂያ የሚተርፍ ገንዘብ ላይኖራት ይችላል፤ እንጀራዋ የወላጆች ቃል ነው።

ስለዚህ «እስቲ ስለ እኛ ሁለት መስመር ይጻፉልን» ሲባሉ፣ ከምስጋናው በፊት ያዩትን ያስቀድሙ። ልጁ በስንት ወሩ ገባ? ምን ያህል ጊዜ ቆየ? ሲያስገቡት ምን ፈርተው ነበር? ፍርሃትዎስ ምን ሆነ? ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ልጄ በ9 ወሯ ገብታ አሁን 7 ወር ቆይታለች። ጡጦ ስለማትይዝ ትራብብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሞግዚቷ በማንኪያ እያጠጣች በሁለት ሳምንት አስለመደቻት። የበላችውንና የተኛችበትን ሰዓት ማታ ማታ በደብተር ጽፈው ይሰጡኛል። አንድ ቀን ሲያተኩሳት ወዲያው ደወሉልኝ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መሯሯጥ ለጀመረ ልጅ አይመችም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ማቆያውን አይጎዳም። እንዲያውም ከላይ ያለው ሁሉ እንዲታመን ያደርጋል። የሚሯሯጥ ልጅ ያላት እናት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች፤ ባለቤቷም ከማያስፈልግ ቅሬታ ትድናለች።

አያቶችም ብዙ የምትመሰክሩት አለ። ልጁን የምታደርሱትና የምታመጡት እናንተ ከሆናችሁ፣ ወላጅ የማያየውን ታያላችሁ። ጠዋት በሩ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል ወይስ ሮጦ ይገባል? ከሰዓቱ ቀድማችሁ ሳይታሰብ ስትደርሱ ሞግዚቶቹ ምን እያደረጉ ነበር? መጻፍ ካልተመቻችሁ በስልክ ድምፃችሁን ቅዱና ቤት ያለ ወጣት ይጻፍላችሁ፤ ቃሉን ግን አያሳምርባችሁ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ባለቤቷ ዘመድዎ ከሆነች ወይም ክፍያ ከቀነሰችልዎ በግልጽ ይናገሩት። ተጽፎ በተሰጠዎ ወረቀት ላይ ያላዩት ነገር ካለ ስምዎን አያኑሩበት። ቃልዎ ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የልጁን ሙሉ ስም፣ ፎቶና የቤታችሁን አካባቢ አይጥቀሱ። ጥቃቅን ቅር ያሰኘዎት ነገር ካለ አስቀድመው ለባለቤቷ ይንገሯት። የልጅን ደኅንነት የሚነካ ነገር ካዩ ግን ልጅዎን ከማውጣት አልፈው ለሌሎቹ ወላጆችም ያሳውቁ። በይሉኝታ ዝም አይበሉ።

በመጨረሻም የጻፉበትን ቀን አይርሱ። ሞግዚት ይቀየራል፤ ቤትም ይለወጣል። ዛሬ የመሰከሩለት ማቆያ ከዓመት በኋላ እንደ ነበረው ካልሆነ፣ ጽሑፍዎ እንዲነሣ ይጠይቁ። በእርስዎ ቃል ተማምና ልጇን ይዛ የምትሄድ እናት አለችና።